ደራሽ ሲወድቅ ወደ ማን ነው የሚያየው

ሰኞ፣ 60 ቀን ቀረው

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስንገባ በሩ ፊት ለፊት ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሎ ጠበቀን። በቀይ «60» ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «ደራሽ ይደርሳል!» ይላል። ደራሽ የምንሠራው የቪዲዮ ጌም ጀግና ነው። የጻፈው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጌሙ እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ አንድ እየቀነሰ ሊጽፍልን ነው። ማነቃቂያ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ለዚህም ደብተር ያንኑ ቁጥር ብጽፍ ይሻላል፤ እስከዚያ ሌላ ቀን መቁጠሪያ የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ድመቱ ደወለ። ድመቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፤ ልጅ ሆኖ ከአጥርም ይዝለል ከጣሪያ በእግሩ ነበር የሚያርፈው።

«እትዬ፣ ስንት ቀን ቀረው?»

«ስድሳ።»

«እስከዚያ ያለ ክራንች እቆማለሁ። የራሱን ጌም ቁጭ ብሎ የሚጀምር ጀግና የለም።»

የራሱ ጌም ይለዋል። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል። «ፊቱ የሌላ ሰው ነው፣ ድምፁም የሌላ ሰው ነው፤ ሩጫውና ዝላዩ ግን የኔ ነው» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። የዛሬ ስምንት ወር አዳራሻችን ውስጥ ወድቆ ወገቡ እስኪጎዳ ድረስ ደራሽን ያንቀሳቀሰው እሱ ነበር። ወደ ሥራው ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 58

እናቴ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ከማለት አልፋ ሥራዬን አታውቅም። እዚህ እንኳ ልጻፈው።

ደራሽ አጥንት የለውም። አጥንት የሚያውሱት ሰዎች ናቸው። ባዶ አዳራሽ ዙሪያውን ካሜራ ይሰቀልበታል፤ ተዋናዩ ጥቁር ጥብቅ ልብስ ይለብስና በየመገጣጠሚያው ነጫጭ ኳሶች ይለጠፉበታል። ካሜራዎቹ የሚያነቡት ኳሶቹን ብቻ ነው። እኔ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ሆኜ በስክሪኔ የማየው ሰው ሳይሆን ነጥብ ነው፤ ሃምሳ ሦስት ነጥብ። ነጥቦቹ ሲሮጡ ሩጫ፣ ሲዘሉ ዝላይ ይሆናል። ፊት የለም፣ ላብ የለም። ኳስ ያልተለጠፈበት ነገር ሁሉ እኔ ጋ የለም።

ትዕይንት አሥራ አራት ላይ ደራሽ ኃይሉ ይከዳውና ከጣሪያ ይወድቃል። ለዚያ ድመቱ ከሦስት ሜትር መድረክ ሰባት ጊዜ ወደቀ። ስድስቱን ፍራሽ ላይ ነው ያረፈው። ሰባተኛው «14-7» በሚል ስም ተቀምጧል። እሱን አንድ ሰው መርጦ ጌሙ ውስጥ አስገብቶታል። ማን እንደመረጠው እንጃ፤ እዚህ ቤት ፋይል የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው።

ሰኞ፣ 53

ምሳ አልበላሁም። የደራሽ ካባ በጉልበቱ ውስጥ ያልፋል። አስተካከልኩት። አሁን ደግሞ በአንገቱ ውስጥ ያልፋል። ዳይሬክተሩ መጥቶ «ነገ ይድረስ» አለ። ሌላ ቃል ስለማያውቅ ስሙን ነገ-ይድረስ ብለነዋል። ዓይኔ ቀልቷል። ድመቱ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁም።

እሑድ፣ 47

እማዬ ቤት ዋልኩ። ድመቱ የበራፉን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው፤ ዘጠኝ ደረጃ ነው። ቀኝ እግሩን በሱሪው ይዞ እያነሳ፣ የሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ስድስተኛው ላይ ተቀመጠና ሳቀ።

«እኔ'ኮ እትዬ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ስድስት ጊዜ አርፌበት ሰባተኛው ላይ ፍራሹን መሳቴ። ያን የሚያህል ፍራሽ! ሰው አልጋውን ይስታል?»

«ተወው አሁን።»

«ድመቱ ተብዬ! ለሰው ስነግር እንኳ አፍራለሁ።»

እኔም ሳቅሁ። ምን ልበል?

እማዬ ሳህን ታጥባለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ያን ቀን አንቺ የት ነበርሽ?» አለች።

«እዚያው ነበርኩ ብዬሽ የለ።»

«ታዲያ ሲወድቅ አላየሽውም?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ካየሁ! ሥራ ላይ ነበርኩ እማዬ።»

«እንደገና ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ ይለኛል እሱ።»

የታጠቡትን ሳህኖች መደርደር ጀመርኩ።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለችና ቧንቧውን ዘጋች። ይቺ ሴትዮ ተረት ስታወጣ ሁልጊዜ በኔ ልክ ነው የምትሰፋው።

ማክሰኞ፣ 45

የጌሙ ማስተዋወቂያ ፊልም፣ ትሬይለሩ፣ ወጣ። እስከ ምሳ ድረስ ያየው ሰው ቁጥር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማታ ላይ ቁጥሩ ሰሌዳውን ሞልቶት ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል።

«ከተማው በሙሉ ክፍት ነው አሉ። የፈለግክበት ጣሪያ ትወጣለህ።»

«እስኪወጣ ባልሞት ምን አለ!»

«ደግሞ እንደ ባለፈው ጌም አጓጉተው ቆሻሻ እንዳያስታቅፉን።»

«ምላስህ ይቆረጥ። ዝላዩን አላየኸውም? የእውነት ሰው'ኮ ነው የሚመስለው።»

ዞሬ «የእውነት ሰው ነው፤ ዛሬ ዘጠኝ ደረጃ ያቅተዋል» ልላቸው አማረኝ። አንድ ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩ።

ድመቱ ትሬይለሩን አርባ ጊዜ አይቶታል። «ሁለት ሩጫ፣ ሦስት ዝላይ፣ አንድ ቡጢ። ስድስቱም የኔ ናቸው» አለኝ። ድምፁ ላይ ደስታ ነበር። ውድቀቱ ትሬይለሩ ላይ የለም። ነገ-ይድረስ «እሱ ይደበቅ፤ እሱ ነው ጌሙን የሚሸጠው» ብሏል።

ማክሰኞ፣ 38

ፈታሿ ጌሙን ቀኑን ሙሉ እየተጫወተች ስህተት የምትለቅም ልጅ ናት። በር ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ካገኘች የልደቷ ቀን ነው። ዛሬ ይሄን ላከችልኝ፦ «14-7። ደራሽ መሬት ከደረሰ በኋላ ቀኝ እግሩ ሁለት ጊዜ ይንፈራገጣል። ስህተት ይመስላል። ይቆረጥ?»

«ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው» ብዬ መለስኩ።

ወንበሯን እየገፋች እኔ ድረስ መጣች። «ሆን ብሎ እንደዚያ የሚንፈራገጥ ማን ነው?»

«እውነት እንዲመስል ነው።»

«እሱስ ይመስላል። ተጫዋቹ እዚያ ጣሪያ ላይ በተሸነፈ ቁጥር ያንን ያያል እኮ። ከዚያ ‹እንደገና?› የሚል ይመጣበታል። እኔ ዛሬ ብቻ ስልሳ ጊዜ አየሁት።»

መቁረጡ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አሥር ደቂቃ አጣሁ። ካባው አሁንም በአንገቱ ያልፋል።

ማክሰኞ፣ 31

ይሄን ገጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ዛሬ ሠላሳ ተጫዋቾች ተጋብዘው መጡ። የሚያዩትን እንዳያወሩ አስፈርመን አስገባናቸው። ለሁለት ሰዓት ያህል ሲሳሳቁና ሲሰዳደቡ ቆዩና ትዕይንት አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወደ ስክሪናቸው ተጠጉ። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማል። ነገ-ይድረስ ክንዴን ጨበጠኝ።

ሲያልቅ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አወጣች። «ሲወድቅ አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል። እጁንም ይዘረጋል። ወደ ማን ነው የሚያየው?»

«እሱ ምስጢር ነው!» አለ ነገ-ይድረስ፤ ፊቱ በራ። አንዱ የሞተች እናቱን ነው አለ። ሌላው ክፍል ሁለት ላይ የሚመጣ ጓደኛው ነው አለ። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

ወደ ግራ የአዳራሹ ጥግ ነው። ጥጉ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ። ሌላ ምንም የለም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነገ-ይድረስ ሰው ሁሉ ፊት «14-7ን መጀመሪያ ‹ምርጥ› ያለችው እሷ ናት፤ ዓይን አላት!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩ።

እሺ፣ እኔ ነኝ። «ምርጥ» የሚለውን ምልክት የተጫንኩት ድመቱ ገና ሳይነሳ ነው። ሃምሳ ሦስቱ ነጥቦች ሲወርዱ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ እጁ፣ አንገቱ፣ የእግሩ መንፈራገጥ። «በጣም ጥሩ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ቀና ያልኩት ዝምታው ሲበዛብኝ ነው።

ይሄ ሥራ ነው። አናጢ ምስማሩን ነው የሚያየው። ማንም በኔ ቦታ ቢሆን ስክሪኑን ነው የሚያየው።

ሐሙስ፣ 22

ነገ-ይድረስ በር ዘግቶ አነጋገረኝ። የሕግ ሰውዬውም ነበሩ። ሰውዬው ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«የወንድምሽ ስም በጌሙ ሠሪዎች የስም ዝርዝር ላይ ይግባ ብለሻል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ስሙም ውድቀቱም አንድ ላይ ከወጡ አንድ ሰው ያገናኛል። ‹ይሄ ሰውዬው የተጎዳበት ቀረጻ አይደለም ወይ?› ይላል። ከዚያ የአደጋው ሪፖርት ይወጣል። ሪፖርቱ ላይ ‹ፍራሹ ቦታው ላይ ነበር፤ ይደገም ያለው ተዋናዩ ራሱ ነው› ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»

«ወይ ስሙ ይግባና ውድቀቱ ይቀየር» አለ ነገ-ይድረስ፣ «ወይ ውድቀቱ ይቆይና ስሙ ይውጣ። አንቺው ወስኚ። ፋይሎቹ የሚቆለፉት 15 ላይ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያንን ወረቀት በፈረምኩ ማግስት ድመቱን ሐኪም ቤት ሄደው ጠይቀውት ነበር። «እሷ ያለችው ነው» ብሎ ተኝቶ ፈረመልኝ። አላነበበውም።

ከሰዓት ሰባቱን ፋይሎች ደራርቤ አየኋቸው። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። አዳራሹ ወለል ላይ ፍራሹ መሃል የሚሆንበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርገንበት ነበር፤ ጌሙ ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ክብ የብረት የጉድጓድ ክዳን አስቀምጠናል፤ ይሄንን ድመቱም ያውቃል። ሰባቱም ጊዜ ያረፈው ክዳኑ መሃል ላይ ነው። የጣት ስፋት ልዩነት የለውም።

ድመቱ ምንም አልሳተም። ስድስተኛው ላይ ፍራሹ ተንሸራቶ የአዳራሹ ረዳት ልጆች እየመለሱት ነበር። እኔ ስክሪኔን አየሁና «እንደገና!» አልኩ። በስክሪኔ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። ፍራሽ ላይ ኳስ አይለጠፍም።

እሑድ፣ 19

«አንድ ጉድ የሆነ አወዳደቅ አለ እየተባለ ይወራል» አለኝ ድመቱ ገና ከበር ሳልገባ። «የኔ ይሆን እንዴ? ስድስቱ ጥሩ ነበሩ አይደል? ሦስተኛው ነው መቼም። ሦስተኛውን እኔም ወድጄው ነበር።»

«እንጃ፣ ብዙ ነገር ቀያይረዋል።»

«ስሜስ የት ጋ ነው የሚጻፈው? ከተዋናዮቹ ጋር ነው ወይስ ከናንተ ጋር?»

«ገና አልተጻፈም።»

እማዬ ፊቴን ስታየኝ ነበር። አልሳትክም፣ መሃሉ ላይ ነው ያረፍከው ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ለማን እንደሚያሳየው ይቆጥር ነበር፤ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅ፣ ባለ ሱቁ፣ የድሮ ጓደኞቹ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ከሰው ከሚሰማው ከኔ ቢሰማው ይሻላል። አውቃለሁ። በሚቀጥለው እሑድ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ 15

ተቆለፈ። 14-7 ባለበት። ዝርዝሩ ተስተካክሏል። ሌላውን ውድቀት ለመግጠም ሦስት ቀን ያስፈልግ ነበር። ሦስት ቀን አልነበረኝም። ሰባት ነበረኝ፣ ግን ካባው ነበረ።

ረቡዕ፣ 9

ለክፍል ሁለት የእንቅስቃሴ ክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። ነገ-ይድረስ «ይገባሻል» አለ። ፈታሿ እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም። ጠረጴዛዬ አጠገብ ስታልፍ «ዝርዝሩን አየሁት። የውሻው ስም እንኳ አለ» አለችና አለፈች። የነገ-ይድረስን ውሻ ማለቷ ነው፤ ቢሮ ይዞት ስለሚመጣ ለቀልድ አስገብቶታል።

ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዳልል ማን ፊት አፈርኩ? ማንም አያውቅም።

እሑድ፣ 5

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወደ ቤት አልሄድኩም። ጉንፋን የለኝም። «ላንተ እንዳላስተላልፍብህ ነው» አልኩት። «እግዜር ይማርሽ እትዬ፣ ለዓርብ ድረሺ እንጂ» አለ።

ሐሙስ፣ 1

«ድመቱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።» አይሆንም፣ ይደነግጣል።

«ድመቱ፣ እዚያ ጌም ላይ አንድ ቦታ አለ፣ ስትደርስ ዝለለው።» አይዘለልም። ራሴ ነኝ እንዳይዘለል ያደረግኩት፤ ተጫዋች ሁሉ እንዲያየው።

«ድመቱ፣ ፍራሹን አልሳትከውም።» ይሄ ነው። ሦስት ቃል ነው። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ።

ዓርብ፣ 0

ሰሌዳው ላይ ዜሮ ተጻፈ። ኬክ ተቆረጠ። ሰዉ ጌሙን ወዶታል፤ ውድቀቱን ከሁሉ በላይ። «ወደ ማን ነው የሚያየው?» የሚለው ጥያቄ ስልኬን ሞልቶታል። ድመቱ መልእክት ልኳል፦ «አንቺ ካልመጣሽ አልጀምርም። ነገ ጠዋት።»

ቅዳሜ

ከዚህ በኋላ ቁጥር የለም።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እማዬ መጋረጃውን ከፍታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድመቱ ቆሟል። ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ፣ በወገቡ የወንበሩን መደገፊያ ተጠግቶ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ግንባሩን አልቦታል። «አላልኩሽም?» አለ።

መጀመሪያ የከፈተው ጌሙን ሳይሆን የስም ዝርዝሩን ነው። እያንዳንዱን ስም በከንፈሩ እያነበበ ቀስ ብሎ ወረደ። የኔ ስም ሲመጣ «ያውልሽ እትዬ! በትልቁ ነው የጻፉሽ!» ብሎ ለእማዬ አሳየ። ወረደ። ወረደ። ምግብ የሚያቀርቡልን ሰዎች አለፉ፣ ጽዳቶቹ አለፉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«የውሻ ስም ነው» አለ። ዝርዝሩ አለቀ። ዝርዝሩን ዘጋና «ስንት ሺህ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ቢረሱ አይገርምም» ብሎ ጌሙን ከፈተው።

ደራሽ ሮጠ። ድመቱ ሳቀ፤ ከአሥር ወር ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁም። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «የሱ ሩጫ ነው» አለች፣ «ልጄ ነው።» ከጣሪያ ጣሪያ ዘለለ። እሱም በቆመበት ትከሻው አብሮ ይዘላል። ከዚያ ትዕይንት አሥራ አራት መጣ። አንድ ነገር ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ውሃ ጠማኝ ብዬ ተነሳሁ፤ ግን አልሄድኩም።

ደራሽ ወደቀ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ እጁን ዘረጋ፣ አረፈ። ቀኝ እግሩ ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠ።

ስክሪኑ ላይ «እንደገና?» የሚል ወጣ።

ድመቱ ተጫነው። ደራሽን ጣሪያው ጠርዝ ድረስ ወሰደው፤ ከማንም ጋር ሳይዋጋ ገፍቶ ጣለው። እንደገና። ጣለው። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። እማዬ «ምንድን ነው እሱ ልጄ? አቁመው እስቲ» አለች። «አንዴ እማዬ፣ አንዴ» አላት። ጠጋ ብሎ የሚያየው ወለሉን ነበር፤ ክዳኑን።

«መሃል ላይ ነው» አለ። ድምፁ በጣም ቀስ ያለ ነው። «አልሳትኩም እኮ። እዪ እማዬ፣ መሃል ላይ ነው ያረፍኩት። አልሳትኩም።»

እማዬ ወደ እሱ አላየችም። ወደኔ ነው ያየችው።

መደገፊያውን ይዞ ዞረና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴ ብቻ ተጫነው። ደራሽ ወደቀ፣ አንገቱን አዞረ፣ እጁን ዘረጋ።

«እትዬ» አለኝ፣ «አሁንስ አየሽኝ?»

«አየሁህ» አልኩት። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።